ከቅንድብ አራት ጣት

ሰውየውን ብሎን ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁ አሉ፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ብሎን ያሉትም ጠመንጃ ጠጋኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እሱ ያጠበቀውን ሌላ ሰው ስለማይፈታው ነው። አንድ ጊዜ ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር የገጠመለት አዳኝ ከዓመታት በኋላ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ቢሄድ፣ ጠጋኙ ሁለት ካቻቪቴ ሰብሮ "ያሰረው ሰው ይፍታው" ብሎ መለሰው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ብሎን ይህን ሲያወሩለት አይስቅም። "ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ለብረቱም ጥሩ አይደለም" ይላል፣ በቃ።

የሚሠራው ከቤቱ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ማዶ ጎማ ጠጋኝ አለ፣ ከጎኑ ልብስ ሰፊ። ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ተተክሏል። የሞርሳው ጥርስ ጠመንጃ እንዳይጭር በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ተሸፍኗል። በጀርባ በኩል ያለው መስኮት ወደ ጠባብ መተላለፊያ ያያል፤ መተላለፊያው የሚያልቀው የወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ብሎን ከሃያ ዓመት በፊት በነጭ ቀለም የመደመር ምልክት ሥሎበታል። ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ማቀባበያውን አውጥቶ፣ በባዶው አፈሙዝ አሻግሮ ያቺን ምልክት ያያል። ከዚያ ጠመንጃው ላይ ያለው መነጽርም ያቺኑ ምልክት እንዲያይ ያደርጋል። ባለወፍጮው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አስቀብቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀቢውን "እሷን እንዳትነካ፣ የብሎን ዓይን ናት" ብሎታል።

ብሎን መነጽር የሚገጥመው ለጠመንጃው ሳይሆን ለሰውየው ነው። ደንበኛውን መሀል ክፍሉ ላይ ያቆመዋል።

"ዓይንህን ጨፍን" ይለዋል። "ጠመንጃውን እንደ ልማድህ ትከሻህ ላይ አድርግ። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍ። አትቸኩል። አሁን ግለጥ። ምን ታያለህ?"

ሰውየው ክቡን ሙሉ ብርሃን ሆኖ ካየው መነጽሩ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው። በጠርዙ ጥላ ከመጣ ወይ ቀርቧል፣ ወይ ርቋል፣ ወይ ከፍ ብሏል። ከቅንድብ እስከ መነጽሩ ጠርዝ አራት ጣት ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድብ ይተረትራል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ የቆመው ሰውየው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም። ሰውየው "ሙሉ ነው" ካለ፣ ብሎን ያጠብቃል።

ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል።

እሷ ነበረች ደንበኛ የምትቀበለው። የብሎን የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል፣ በየመሳቢያው ላይ ያለውን ወረቀት የጻፈችው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ሆዷን መያዝ ጀመረች። "ምነው?" ሲላት "ደህና ነኝ" አለችው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠየቃት፤ "ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ አንተ ደግሞ" አለች። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐኪም ዘንድ የደረሱ ዕለት ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?" አላቸው።

አላለቀሰም። ሰዉ ጠንካራ ነው አለው። ጠንካራ ሆኖ አይደለም፤ ምንም አይሰማውም ነበር። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። ሻይ ይፈላለታል፣ ይትኩስ ይቀዝቅዝ ሳይለይ ይጠጣዋል። አንድ ቀን ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ወጥቶ ልብስ ሰፊው እስኪነግረው አላወቀም። በሩን ቆልፎ ይሄዳል፣ ተመልሶ መቆለፉን ያያል፣ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። እጁ ግን ይሠራ ነበር። እጁ ሥራውን ለብቻው ያውቀዋል።

ማክሰኞ ጠዋት የሚስቱ ወንድም መጣ። የደን ጠባቂ ነው፤ ማሳ የሚያጠፋ ከርከሮም ይገድላል። ሬዲዮ ይሉታል፤ ምክንያቱን ለማወቅ አብሮት አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቷል፣ በእጁ ካርቶንና የታጠፈ ደብዳቤ ይዟል።

"ብሎኔ! አለህ? ወይስ ዝገሃል?"

"አለሁ። ግባ።"

"ገብቻለሁ እኮ። በሩን ዘግተህ ሥራ፣ ልብስ ሰፊው ጆሮው ረጅም ነው። እናቴ ሰላም ብላሃለች። ለምን አይመጣም ብላለች። ይመጣል ብያታለሁ፣ ስለዚህ ውሸታም እንዳታደርገኝ። ይኸው፣ ደብዳቤ። ቢሮው ፍቅር ይዞት ደብዳቤ ይጽፍልኝ ጀምሯል።"

ብሎን ደብዳቤውን ቀስ ብሎ አነበበው። የደን ጠባቂዎች ሁሉ ጠመንጃቸው ላይ መነጽር ያስገጥማሉ። አርብ ይፈተናሉ። በመቶ እርምጃ ላይ የብረት ሳህን ይሰቀላል፤ ከአምስት ጥይት አራቱን ያላገባ ጠመንጃውንና የጥበቃ ቤቱን ቁልፍ ያስረክባል። ከደብዳቤው ጋር ጠጋኙ የሚሞላው ፎርም አለ፤ መጨረሻው ላይ "መነጽሩ ለተኳሹ ቀኝ ዓይን ተስተካክሏል" ይልና የፊርማ ቦታ አለው።

የጥበቃ ቤቱ ማለት ደኑ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሬዲዮና እናቱ የሚኖሩት እዚያ ነው። ሌላ ቤት የላቸውም።

"አይዞህ" አለ ሬዲዮ፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ከርከሮዎቹም ይህ ደብዳቤ ደርሷቸዋል መሰለኝ፣ ሰሞኑን ቆመው ነው የሚያዩኝ።"

"ስንት ጣልክ ዘንድሮ?"

"ዘንድሮ ከርከሮ ብልጥ ሆኗል።"

ብሎን ሌላ አልጠየቀም። ካርቶኑን ከፈተ። ከቢሮው የተላከው መነጽር ጥሩ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የጎማ ክዳን አለው። መያዣ ግን አልተላከም። መሳቢያውን ስቦ ያሉትን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ በቋንቋው "እግር" ይላቸዋል። ዝቅ ያለው እግር መነጽሩን ከብረቱ ጋር ያስተቃቅፈዋል፣ ጉንጭም ሰደፉ ላይ በደንብ ያርፋል። ግን የሬዲዮ ጠመንጃ አሮጌ ነው፤ ማቀባበያው ሲነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ብሎን እግሩን አስቀምጦ ማቀባበያውን አነሣው፤ ቀጭ ብሎ መነጽሩን መታው።

"ይኼ አይሆንም።"

"ማቀባበያውን እንቁረጠዋ" አለ ሬዲዮ።

"ያንተን እጅ ብንቆርጥ ይቀላል።"

ሬዲዮ ሳቀ። ብሎን አልሳቀም፤ ቀልዱ ከአፉ የወጣው ከድሮ ልማድ ነው።

ከፍ ያለው እግር ደግሞ ማቀባበያውን በደንብ ያሳልፋል፣ ግን ጉንጭ ከሰደፉ ይነሣል፤ ሰውየው አገጩን ብቻ አስደግፎ አየር ላይ ሊተኩስ ነው። መካከለኛው ተረፈ። ማቀባበያው በወረቀት ውፍረት ለጥቂት አለፈ። ብሎን ወረቀት አስገብቶ ሳበው፤ ወረቀቱ ወጣ። ይህ ነው። አራቱን ብሎን አላልቶ አስገባና ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቶ ለሬዲዮ ሰጠው።

"ጨፍን።"

"እንደ ሙሽራ?"

"ጨፍን አልኩህ። ትከሻህ ላይ። ጉንጭህን አሳርፍ። ግለጥ።"

"ሙሉ ነው።"

ብሎን ጣቶቹን ከቅንድቡ ጋር አስተያያቸው። ሦስት ጣት ነው። "ቀርቧል። ልግፋው።" ወደ ፊት ገፋው። "አሁን?"

"ሙሉ ነው። ጥርት ያለ።"

"ትንሽ ልመልሰው። አሁንስ?"

"ሙሉ ነው አልኩህ እኮ፣ አንተ ደግሞ። ወፍጮ ቤቱ ላይ ያለችው ምልክትህ ሳትቀር ነጭ ሆና ትታየኛለች።"

ብሎን አራት ጣት ለክቶ፣ በውሃ ልክ አይቶ፣ ብሎኖቹን አንዱን ከአንዱ እያፈራረቀ አጠበቀ። ሬዲዮ "ሻይ ላምጣ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ" ብሎ ወጣ። ጉሮሮው ቢደርቅ አይገርምም።

ጠመንጃው ሞርሳው ላይ ገባ። ብሎን በአፈሙዙ ቀዳዳ አሻግሮ ነጯን ምልክት አገኛት። ከዚያ ቀና ብሎ በመነጽሩ አየ።

ጨለማ ነው።

ራሱን አነሣ። ዓይኑን አሸት አደረገና ደግሞ አየ። ጨለማ። ዓይኔ ሄደ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ሲያስበውም አልደነገጠም፣ እንደ ሌላ ሰው ነገር ነው የታየው። ከዚያ እጁን ወደ ፊተኛው ጫፍ ሰደደ። ጣቱ ጎማ ነካ። የፊተኛውን ክዳን አላነሣውም ነበር። የኋላውን አንሥቶ የፊቱን ረስቶት ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። ግን ሰሞኑን ሁለት ዓይነት ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው።

ክዳኑን ነቅሎ መዳፉ ላይ አደረገው። ክብ ነው፣ ጥቁር፣ ከጠርሙስ ቆብ ጥቂት የሚበልጥ።

ሬዲዮ በዚህ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሙሉ ነው ብሏል። ጥርት ያለ ነው ብሏል። ምልክቷንም ነጭ ሆና አይቻታለሁ ብሏል።

ብሎን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። መዳፉን እያየ ቆየ። አንድ ድምፅ ጆሮው ላይ ነበረ፤ "ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ አንተ ደግሞ።" የእሷና የወንድሟ አነጋገር አንድ ነው፤ ከዛሬ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም። ያኔም በተሰጠው መልስ ላይ አጥብቆ ነበር። ንዴት ቢመጣ ደግ ነበር፤ ግን አልመጣም። እጁ ላይ ያለችውን ጎማ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሬዲዮ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ጫፍ ላይ አደረገው፤ ሊወድቅ ሲል ብሎን ያዘው። ይህንንም ከዛሬ በፊት አላየውም ነበር።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ብሎን፤ ክዳኑን ከሻዩ አጠገብ አኖረው።

"ክዳን።"

"ሙሉ ነው ስትለኝ የት የነበረ ይመስልሃል?"

ሬዲዮ ክዳኑን አየ፤ ከዚያ መነጽሩን አየ። ብሎን አማቹን ካወቀው ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ፀጥ ብሎ አይቶት አያውቅም።

"ቀኙ መቼ ጠፋ?"

"ጠፋ አይባልም... ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ ጭስ ነው ብዬ ነበር።"

"ማን ያውቃል?"

"አንተ። አሁን። ክዳንህ ነው ያጋለጠኝ።"

"በምን ስትተኩስ ኖርክ?"

"አንገቴን ሰብሬ በግራው አይ ነበር። በብረቱ ማነጣጠሪያ ይሆናል፣ በዚህ ቱቦ ግን አይሆንም።"

"እና አርብ ምን ልታደርግ ነበር?"

"ሳህኑን ና እባክህ ልለው ነበር።" ሊስቅ ሞከረና ተወው። "ለማንም አትናገር። በእህቴ ይዤሃለሁ። እናቴ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከዚያች ቤት ወዴት እወስዳታለሁ?"

ብሎን ሻዩን አንሥቶ ጠጣው። ከዚያ ተነሥቶ የመንገዱን በር ከፈተ።

"ቀኙን በእጅህ ሸፍን። ጎማ ጠጋኙ ደጅ ስንት ጎማ ተቆልሏል?"

"ሰባት። ስምንተኛው ላይ ድመት ተኝታለች፣ ግራጫ። ጅራቷ ጫፉ ነጭ ነው።"

ብሎን መንገዱን ተሻገረ። ጎማዎቹን ቆጠረ፤ ስምንት ናቸው። ድመቷ ራሷን አነሣችና አየችው። ጅራቷን ወዲያው ሆዷ ስር ሰበሰበች፤ በጣቱ ገለጥ አደረገው። ጫፉ ነጭ ነው። ጎማ ጠጋኙ "ብሎን፣ ምን ሆነሃል?" አለው። "ምንም" ብሎ ተመለሰ።

"ግራው ደህና ነው። በግራ ትከሻህ ተኩስ።"

"ግራ ትከሻዬ?" ሬዲዮ ክንዱን አነሣ፤ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ከመጠበቂያው ማማ የወደቅኩ ዕለት የቀረው ይህ ነው። ጠመንጃ ሲራገጥ አይችልም።"

ብሎን ይህን ረስቶት ነበር። እንግዲህ ጠመንጃው ቀኝ ትከሻ ላይ ነው፣ የሚያየው ዓይን ግን ግራ ነው። መነጽሩን እላይ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ወደ ግራ መሄድ አለበት። እንዲህ ያለ እግር ድሮ ነበረ፤ ጥይት ከላይ ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች የተሠራ፣ ከብረቱ ግራ ጎን ላይ የሚታሰር። ጥይት ሲያጎርሷቸው መነጽሩ እንዳያግድ። አንድ ነበረው፣ ሙያውን ካስተማረው ሽማግሌ ጠጋኝ የወረሰው።

የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ወረቀት ታስሮበታል። ጽሑፉ የሚስቱ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ ጥርት ያለ፦ "የጎን እግር። ማንም አይፈልገውም። አትጣል፣ አንተ ትጥላለህ።"

ብሎን አነበበው። ደግሞ አነበበው። ወረቀቱን ፈቶ ኪሱ ከተተ።

"ምን ይላል?" አለ ሬዲዮ።

"አትጣል ይላል።"

ለዚህ እግር የጠመንጃው ጎን ላይ ሦስት ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። ብረት ከተበሳ አይመለስም። ብሎን መካከለኛውን እግር ፈታ፤ ራሱ አጥብቆት ስለነበር እሱም ትንሽ ታገለው። ከዚያ ቦታውን በእርሳስ ለካ፣ በምልክት መቺው ነጥብ ጣለ፣ በዘይት እያረጠበ በሳ። ሬዲዮ ሞርሳውን ይዞ ቆመ። እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገረም።

"አሁን" አለ ብሎን፤ ሁለቱንም ክዳን አነሣና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖራቸው፤ ሬዲዮም እንዲያያቸው። "ጨፍን። ራስህን ወደ ሰደፉ ዘንበል አድርግ። ግለጥ። ምን ታያለህ?"

ሬዲዮ ራሱን ዘንበል አድርጎ ገለጠ።

"ሙ..." አለና አቆመ። "አልሞላም።"

"የት ነው ያልሞላው?"

"በግራ በኩል ጥላ አለ። እንደ ግማሽ ጨረቃ።"

"እሺ።" አላላ፣ ገፋ። "አሁን?"

"ከታች መጣ።"

"አሁንስ?"

"ጠበበ። ቀዳዳ ሆነ። ቀርቦ ነው መሰለኝ።"

ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ አሉ። ከዚያም በኋላ ገና አልሞላም። ብሎን በእግሩና በመነጽሩ መካከል ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጦ አስገባ፣ አወጣ፣ በሞረድ አሳሳው፣ መልሶ አስገባ። ሬዲዮ "አልሞላም" ባለ ቁጥር እየፈራ ነበር የሚናገረው፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው። ብሎን "ጥሩ" ይለዋል። ከሚስቱ ቤት ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው የመጀመሪያው ነው። ደስ አለው ማለት አይቻልም። እጁ ግን አልተሳሳተም፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምንም አልረሳም።

"ሞላ" አለ ሬዲዮ በመጨረሻ። "ቆይ፣ ልድገመው።" ራሱ ጨፈነ፣ ራሱ ገለጠ። "ሞልቷል። ምልክትህ ነጭ አይደለችም፣ ብጫ ሆናለች። ዝናብ ነው ያበላሻት?"

ብሎን በመስኮቱ አየ። እውነትም ብጫ ሆናለች።

ፎርሙን ለመሙላት ሲቀመጡ ጠቡ መጣ። ብሎን "ለተኳሹ ቀኝ ዓይን" ከሚለው ላይ "ቀኝ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ በላዩ በዚያ ዶሮ በጫረው ጽሑፉ "ግራ" ብሎ ጻፈ።

"ምን አደረግክ?" ሬዲዮ ብድግ አለ። "ዝም ብለህ መፈረም አትችልም? ማን ያነበዋል!"

"ማንም አያነበው ይሆናል። ውሸት ላይ ግን አላጠብቅም።"

"ወረቀት ነው እኮ፣ ብሎን አይደለም!"

"ያው ነው።"

"ካባረሩኝስ? እናቴን ሜዳ ላይ ላስተኛት?"

"እኔ ጋ ትተኛለች። አልጋ አለ።"

የማን አልጋ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሬዲዮ ተቀመጠ። ቀዝቃዛውን ሻይ ጨለጠው።

"አንተ እኮ ድሮም ክፉ ነህ" አለ፣ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ሐሙስ ድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ሄደው ሞከሩት። ብሎን እየደጋገመ የሚነግረው አንድ ነገር ነበር፦ "መነጽሩ በግራ ነው፣ አፈሙዙ በቀኝ። በመቶ እርምጃ ላይ እንዲገናኙ አድርጌአቸዋለሁ። ከዚያ በጣም ከቀረበ ወደ ቀኝ ይስታል። ከርከሮው አፍንጫህ ስር ከሆነ በመነጽሩ አታነጣጥር።" ሬዲዮም "አፍንጫዬ ስር ከሆነማ እኔ ማማው ላይ ነኝ" ይለዋል። ንግግሩ ትንሽ በትንሽ ተመልሶለት ነበር።

አርብ ጠዋት ፈታኟ ከዋናው ቢሮ መጣች። አጭር ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። ፎርሙን ተቀብላ ሳታይ ልትገለብጠው ስትል የተሰረዘውን አየች።

"ይኼን የሞላው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ብሎን። ሰው ሲሰበሰብ መናገር አይወድም፤ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር።

"ቀኝ ዓይኑስ?"

ሬዲዮ መሬት መሬት ያያል። ብሎን መልሱን ሊቀድመው ይችል ነበር። አልቀደመውም፤ ጠበቀ።

"አያይም" አለ ሬዲዮ። "ሁለት ዓመት ሆነው።"

ሌሎቹ ጠባቂዎች ተያዩ። አንዱ "ለዚህ ነዋ ከርከሮ የሚስቅብን" ብሎ አንሾካሾከ። ፈታኟ ጠመንጃውን ተቀበለች፣ የጎኑን እግር አገላብጣ አየች፣ በጥፍሯ ብሎኑን ነካ ነካ አደረገችው።

"ይተኩስ" አለች።

የመጀመሪያው ጥይት ሳህኑን አስጮኸው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሬዲዮ ቸኮለ፣ ራሱን እንደ ድሮው አቀና፣ ጥይቱ ከኋላ ያለውን አፈር በተነው። ብሎን ሳያውቀው ቆቡን ይጨምቅ ነበር። አንድ ሌላ ቢስት ቁልፉን ይሰጣል። ሬዲዮ ጠመንጃውን አወረደ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ሰው ሁሉ እያየው ዝም ብሎ ጨፍኖ ቆመ። ከዚያ ወደ ትከሻው አመጣው፣ ጉንጩን አሳረፈ፣ ገለጠ። ሳህኑ ጮኸ። አምስተኛውን ሲተኩስ ብሎን አላየም፤ መሬት መሬት እያየ ድምፁን ብቻ ሰማ። ጮኸ።

ፈታኟ ጻፈች። "ደንቡ የሚለው ሳህን ነው፣ ዓይን አይልም" አለች። "ግን አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደህ ወረቀት ታመጣለህ፤ የግራው እንዳይከተል። እስከዚያ ብቻህን አትተኩስም፣ ጓደኛ አጠገብህ ይኖራል።" ወደ ብሎን ዞር አለች። "እርስዎ ባይሰርዙት ኖሮ እኔ አላየውም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ብሎን።

ምሳ የበሉት ጥበቃ ቤት ነው። አማቱ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ልጃቸው ገና ከሩቅ ሆኖ "ቁልፉ ኪሴ ነው!" ብሎ ሲጮህ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቃ። ድንች ሾርባና ዳቦ አቀረቡ። ሬዲዮ የዓይኑን ነገር እየተንተባተበ ሊነግራቸው ሲጀምር አቋረጡት።

"አውቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ስትቀዳልኝ ግማሹ ከስኒው ውጭ ነው የሚፈሰው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ደህና ነኝ ስትለኝ ምን ልበልህ?"

ሬዲዮ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ብሎን ማንኪያውን አስቀመጠ። መጠየቅ አልፈለገም ነበር፣ አፉ ጠየቀ።

"እማማ... የእሷንስ ሕመም ያውቁ ነበር?"

አሮጊቷ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት።

"አላወቅሁም፣ ልጄ" አሉ። "በመደበቅ እሷ ከእሱ ትበልጥ ነበር።"

ከውጭ የባልዲ ድምፅ ይሰማል። አማቱ ተነሥተው ጭልፋውን ያዙ፣ የብሎንን ባዶ ሳህን አዩ።

"ይበቃሃል?"

ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ይህን ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነበር፤ ይበቃኛል፣ ደህና ነኝ፣ አይቸገሩ። አሁንም ምላሱ ላይ ነበር። ብሎን ሳህኑን አየው። ከዚያ አንሥቶ ዘረጋላቸው።

"አልበቃኝም" አለ። "ይጨምሩልኝ።"

ጨመሩለት። ከድስቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ማንኪያ ምላሱን አቃጠለው።